ክረምትና በጋ በኢትዮጵያ የመንገድ ታሪክ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)

ከውጭ አገር እንግዳ የሚመጣበት፣ ወይም ራሱ ዕረፍት አግኝቶ አገሩን ለማየት የተነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ኢትዮጵያን ለመጎብኘት የሚሻለው ወር የትኛው ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው አንድ ሲሆን መልሱ ግን አንድ አይደለም። በርእሰ ከተማው የሚኖር ሰው ከቢሮው መስኮት የሚያየውን ሰማይ የአገሩ ሁሉ ሰማይ አድርጎ ይገምታልና፣ ብዙ ጊዜ «ከመስከረም በኋላ፣ ከሰኔ በፊት» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ለጎንደር፣ ለላሊበላና ለአክሱም ደኅና መልስ ነው። ለቦረና፣ ለኦጋዴንና ለአፋር ቆላ ግን አይሆንም።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ጉዳይ ነው። ምስክር አድርገን የምንጠራውም ታሪክን ነው። አባቶቻችን ሲዘምቱም ሆነ ሲነግዱ፣ ከተማ ሲቆረቁሩም ሆነ በዓል ሲያከብሩ፣ መንገድ ከመጀመራቸው በፊት የሚያማክሩት ሰማዩን ነበር። ያላማከረው ደግሞ ዋጋውን ከፍሏል።

ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ ወደ አዱሊስ ወደብ መጥቶ ነበር። ይህ ሰው ኋላ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአክሱም ንጉሥ በየሁለት ዓመቱ ሰዎቹን ሳሱ ወደምትባለው የወርቅ አገር ይልክ እንደ ነበር ይተርካል። ከእነርሱም ጋር የሚሄዱት ነጋዴዎች ከ500 የሚበልጡ ሲሆኑ፣ በሬና ጨው ብረትም ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ ነበር። ጉዞው ደርሶ ለመመለስ 6 ወር ይፈጃል። ሲሄዱ ከብት ስለሚነዱ ቀስ ይላሉ፤ ሲመለሱ ግን ይፈጥናሉ። የሚፈጥኑበትንም ምክንያት ኮስማስ ሲገልጽ፣ ክረምት በመንገድ ላይ ከያዛቸው ወንዞች ሞልተው መሻገሪያ ስለሚከለክሏቸው ነው ይላል። የዝናሙም ጊዜ በግብፃውያን አቆጣጠር ከኤጲፊ እስከ ቶት መሆኑን ጽፏል። የግብፃውያን ኤጲፊ የእኛ ሐምሌ፣ ቶትም የእኛ መስከረም ነው። ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፣ ወደቦች ጠፍተዋል፣ ከተሞች ፈርሰው ተሠርተዋል፤ በሰሜኑ ደጋ ላይ ግን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናም ወሩን አልለወጠም።

የቋንቋችንንም ምስክርነት እንስማ። «እንዴት ከረማችሁ?» ብለን ሰላምታ ስንሰጥ የምንናገረው ቃል ከዚሁ የተወለደ ነው። በግእዝ ከረመ ማለት ክረምትን በአንድ ስፍራ ማሳለፍ ነው፤ ክረምት የሚለውም ቃል ዓመት ተብሎ የሚተረጐምበት ጊዜ አለ። ወንዝ ሞልቶ ዘመድ ከዘመድ ሲለያይ፣ መልእክተኛም ሲቋረጥ፣ ሰው እንደገና የሚተያየው ከመስቀል ወዲያ ነበርና ጥያቄው የእውነት ጥያቄ ነበር። ያንን ዝናም በደኅና አሳለፋችሁትን? ማለት ነው።

የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት ድንኳን ተክለው፣ ድንኳን ነቅለው የሚዞሩ እንደ ነበሩ የታወቀ ነው። በበጋ ይዘምታሉ፣ ይፈርዳሉ፣ ግብር ያስገባሉ። ክረምት ሲገባ ግን ለሰውም ለከብትም የሚበቃ ስፍራ መርጠው ይሰፍራሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት አፄ ሠርፀ ድንግል ከጣና ሐይቅ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠሩ። አፄ ፋሲልም በ1628 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተሙ። ስለዚህ ዛሬ ጎብኚ የሚያደንቃቸው የጣና ዙሪያ ቤተ መንግሥቶች ታሪካቸው ሲመረመር፣ መነሻው የክረምት ማረፊያ ፍለጋ እንደ ነበር መረዳት ይቻላል።

አሁን ደግሞ የዚህን ሁሉ ምክንያት በአጭሩ እንመልከት።

ኢትዮጵያ በምድር ወገብ አጠገብ ያለች አገር ናት። እንደ አቀማመጧ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከዳር እስከ ዳር የጋለች በሆነች ነበር። ነገር ግን ምድሯ ከፍና ዝቅ ያለ በመሆኑ፣ ሙቀቱን የሚወስነው ከምድር ወገብ መራቋ ሳይሆን ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ ነው። ሰው 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንስለታል። አባቶቻችን ይህን በመሣሪያ ሳይለኩ አውቀው አገሩን በስም ከፍለውታል። እስከ 500 ሜትር ያለው በረሃ፣ ከዚያ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ቆላ፣ እስከ 2,300 ሜትር ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ሜትር ደጋ፣ ከዚያም በላይ ውርጭ ይባላል። ቆላው የማሽላና የሰሊጥ፣ ወይና ደጋው የጤፍና የቡና፣ ደጋው የገብስና የባቄላ አገር ነው። ከራስ ደጀን ጫፍ፣ ከ4,550 ሜትር፣ ተነሥቶ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ እስከሚለው እስከ ዳሎል ድረስ ያለው ልዩነት በአንድ አገር ውስጥ ያለ ልዩነት ነው። በዳሎል በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት 34 ዲግሪ ተኩል ያህል ሲሆን፣ ሰው በኖረበት ስፍራ ከተመዘገበው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ይጠቀሳል።

ይህን ለማየት ረጅም መንገድ መሄድ አያስፈልግም። ከደብረ ብርሃን ጋቢውን ተከናንቦ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚገኘው ከጣርማ በር ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ቀኑ ያው ቀን፣ ወሩም ያው ወር ነው፤ የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው።

ዝናሙ ደግሞ ሌላ ሥርዓት አለው። የዝናም መቀነት ፀሐይን እየተከተለ ይጓዛል። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስታልፍ መቀነቱ በመጋቢትና በሚያዝያ የደቡቡን ምድር ያረሰርሳል፤ በሐምሌና በነሐሴ በመካከለኛውና በሰሜኑ ደጋ ላይ ይሰነብታል፤ ከመስከረም ወዲያ ወደ ደቡብ ሲመለስ የደቡቡን ምድር ሁለተኛ ጊዜ ይጎበኘዋል። ስለዚህ ሰሜኑ አንድ ትልቅ ዝናም ሲያገኝ ደቡቡና ደቡብ ምሥራቁ ሁለት አጫጭር ዝናሞች ያገኛሉ። በምዕራብ፣ በኢሉባቦርና በከፋ በኩል፣ እርጥብ ነፋስ ቀድሞ ደርሶ ዘግይቶ ስለሚለቅ፣ ዝናሙ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ይይዛል፤ በዓመትም 2,000 ሚሊ ሜትር የሚደርስበት ስፍራ አለ። በአፋር ቆላ ግን 200 ሚሊ ሜትር የማይሞላበት ስፍራ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ ከዓመቱ ዝናም ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ይወርዳል።

ቤተ ክርስቲያንም ዓመቱን በ4 ከፍላ መጸው፣ በጋ፣ ጸደይና ክረምት ትላቸዋለች። መጸው ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ደግሞ እስከ መስከረም 25 ቀን ነው። ይህ አከፋፈል ለደጋው ምድር የተስማማ ነው። ቦረናዎች ግን የራሳቸው አከፋፈል አላቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለውን ትልቁን ዝናም ጋና፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለውን ትንሹን ዝናም ሐጋያ ይሉታል። በሶማሌም በኩል ዋናው ዝናም ጉ፣ ሁለተኛው ደይር ይባላል። የአየር ጠባይ በአንድ አገር ውስጥ ምን ያህል እንደሚለያይ ከእነዚህ ስሞች መገንዘብ ይቻላል።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንመለስ። የዓባይን ምንጭ ለማየት ስንቱ የውጭ አገር ሰው እንደ ደከመ ሁላችንም ሰምተናል። በጥንት ዘመን ግብፃውያን ወንዛቸው ዝናም በሌለበት አገር፣ ያውም በበጋቸው መካከል፣ ለምን እንደሚሞላ ሲጠይቁ ኖረዋል። የጥያቄው መልስ ያለው በእኛ ክረምት ነው። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ በ1610 ዓ.ም. በሰከላ የግልገል ዓባይን ምንጭ ያየው በሚያዝያ ወር፣ ወንዞች በጎደሉበት ጊዜ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ የመጣው ጄምስ ብሩስ ግን እንዲህ አልቀናውም። በ1762 ዓ.ም. የካቲት ጎንደር ገብቶ በግንቦት ከራስ ሚካኤል ሠራዊት ጋር ወደ ምንጩ አመራ፤ የጢስ ዓባይንም ፏፏቴ አየ። ነገር ግን ጦርነቱም ዝናሙም ተደርበው ወደ ጎንደር መለሱት። ክረምቱን ከርሞ፣ መንገድ ሲከፈት እንደገና ተነሣና በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ከግሽ ደረሰ። በዚህ ጉዞው በጥቅምት ያገኘውን በግንቦት አላገኘውም ነበር ማለት ነው።

የመቅደላውም ታሪክ ከዚህ የተለየ አይደለም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማጓጓዝ የተነሡት በ1860 ዓ.ም. ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ጥቅምት ሲጠባ ነው። እየደለደሉ፣ እየቆፈሩ፣ ገደሉን እየሰበሩ በመጋቢት ከመቅደላ ደረሱ። የእንግሊዝም ጦር በዚያው በጥቅምት ዛሬ በኤርትራ ግዛት በሚገኘው በዙላ ወደብ መውረድ ጀመረ፤ ጄኔራል ናፒየርም በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ደርሶ 13,000 ያህል ወታደሮችን፣ ከ40 በላይ ዝሆኖችንና ብዙ ሺህ የጭነት ከብቶችን ይዞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። የእንግሊዝ ጦር ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት እንኳ በከንቱ ሳያሳልፍ ወደ ባሕሩ ተቻኰለ። በሰኔ የመጨረሻው ጦር መርከብ ላይ ተሳፈረ። ያስቸኰለው ነገር ያው ኮስማስ የጻፈው ነው። በደጋው ላይ ክረምት ቢይዘው ተራራውና ወንዙ ያስቀሩት ነበር። ሁለቱም ወገኖች በአንድ በጋ ውስጥ ተሽቀዳደሙ ማለት ይቻላል።

ስለ ዓድዋም የምንለው አለን። አፄ ምኒልክ የክተት አዋጅ ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሠራዊቱም በጥቅምት ወር አጋማሽ ወረኢሉ ላይ እንዲከት አዘዙ። ይህ ቀጠሮ በዘፈቀደ የተሰጠ አልነበረም። በጥቅምት ወንዝ ይጎድላል፣ ጭቃ ይደርቃል፣ ለከብት ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥም አዲስ እህል ይደርሳል። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ፣ በጥር መቀሌ ላይ፣ የካቲት 23 ቀንም ዓድዋ ላይ የተገኘው ድል በዚህ የበጋ መንገድ ላይ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ በጋው ሲያረጅ ስንቅም ያልቃል። ከድሉ በኋላ ሠራዊቱ ወደ ሰሜን ያልገፋበትን ምክንያት ከሚዘረዝሩት የታሪክ ጸሐፊዎች አንዳንዶቹ ከስንቁ ማለቅ ጋር የዝናሙን መቃረብ ይጠቅሳሉ።

ከ40 ዓመት በኋላ የመጣውም ጠላት ይህን ትምህርት አጥንቶት ነበር። ፋሺስት ጣልያን በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወልን ግጭት ምክንያት አድርጎ በኤርትራና በሶማልያ ጦሩን ሲያከማች ክረምቱን አሳለፈ። መስቀል ባለፈ በጥቂት ቀን ውስጥ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረ። ሚያዝያ 27 ቀንም፣ ትልቁ ዝናም ሳይገባ፣ አዲስ አበባን ያዘ። ነገር ግን ክረምቱ ሲገባ ጠላት በከተማው ታጥሮ ቀረ። የመኪና መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ የተማመነውም ከጅቡቲ በሚመጣው በባቡሩ ሐዲድ ላይ ነበር። አርበኞቻችን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለማስለቀቅ የሞከሩት በዚህ ጊዜ ነው። ያው ዝናም ግን ለእነርሱም አልራራም፤ ከልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚመጡት ጦሮች በአንድ ሰዓት እንዳይገናኙ ከእንቅፋቶቹ አንዱ ሆነ። አቡነ ጴጥሮስም በዚያው ወር፣ ሐምሌ 22 ቀን፣ በጠላት ጥይት ሰማዕትነትን ተቀበሉ። ክረምት ለማንም ወገን የማያዳላ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የምንኖርባት አዲስ አበባ ራሷ በአየር ጠባይ ምክንያት የተቆረቆረች ናት። ቤተ መንግሥቱ በእንጦጦ ተራራ ላይ ሳለ ብርዱና ነፋሱ ጽኑ፣ እንጨቱም እያለቀ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ያለውን ለምለም ሜዳ ወድደው፣ በ1879 ዓ.ም. በዚያ ቤት እንዲሠራ አደረጉ። ከ3,000 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ መውረድ በካርታ ላይ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከደጋ ወደ ወይና ደጋው አፋፍ መውረድ ግን ለከተማ ሕይወት ትልቅ ልዩነት አለው።

እስካሁን የተናገርነው በጋ መንገድ ከፋች፣ ክረምት መንገድ ዘጊ ስለሆነበት ስለ ደጋው ምድር ነው። የዚህ ተቃራኒ የሆነ አገር መኖሩን ደግሞ በጋምቤላ እናያለን። በግንቦት 1894 ዓ.ም. በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል፣ በባሮ ወንዝ ዳር ለንግድ የሚሆን ስፍራ ለሱዳን ተፈቅዶ ነበር። ከካርቱም የሚነሡት የእንፋሎት መርከቦች ከጋምቤላ መድረስ የሚችሉት ግን በሮ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነበር። የጎሬና የሳዮ ቡና፣ ሰምና ቆዳ ቁልቁል ወርዶ በመጋዘን እየጠበቀ፣ ውሃው ሲሞላ ይጫናል፤ በለውጡም ጨውና ጨርቅ ይመጣል። በአዲስ አበባ ነጋዴው ዣንጥላ ይዞ «መንገዱ ተዘጋ» በሚልበት በሐምሌ ወር፣ የጋምቤላ ነጋዴ «መንገዱ ተከፈተ» ይል ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ስፍራው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ የመርከቡም ንግድ እየቀረ ሄደ።

የአፋርም ጨው የራሱ ወራት አለው። እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ድረስ በአገራችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ከዳሎል አካባቢ በግመል እየተጫነ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣ ነበር። የጨው ነጋዴ የሚወርደው በጥቅምትና በመጋቢት መካከል፣ ሙቀቱ በሚበርድበት ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲያ ቆላው ሰውንም ግመልንም ይጎዳል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ በመነሣት፣ ዛሬ አገሩን ለማየት የሚፈልግ ሰው ዓመቱን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል በወር በወሩ እንዘርዝር።

በመስከረም አጋማሽና በጥቅምት የሰሜኑ ደጋ ከሁሉ ይበልጣል። ምድሩ በአደይ አበባ ይሸፈናል፣ አየሩ ይጠራል፣ ተራራው ከሩቅ ይታያል። የመስቀል በዓል መስከረም 17፣ የግሸን ማርያም ንግሥ መስከረም 21 ቀን ይውላል፤ የቢሾፍቱም ኢሬቻ በዚሁ ወቅት ይከበራል። ዋልያን ለማየት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰውም ከጥቅምት ጀምሮ መንገድ ያገኛል። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ውሃው ለመብራት ኃይል ከተጠለፈ ወዲህ ግርማው ቀንሷልና፣ ሙሉ ሆኖ ማየት የሚሻ ሰው ክረምቱ እንደ ወጣ ይሂድ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውን ግን መርሳት አይገባም፤ ሌሊቱ ይበርዳልና ወፍራም ልብስ ያስፈልጋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ለአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተመቸ ጊዜ ነው። ኅዳር 21 ቀን ጽዮን በአክሱም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤል በቁልቢ፣ የልደት በዓል በላሊበላ፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት በጎንደር ይከበራሉ። ብዙ ሕዝብ በእግሩ ተጉዞ የሚሰበሰብባቸው እነዚህ ታላላቅ በዓላት ወንዝ በጎደለባቸው ወራት መዋላቸው ለምእመናኑ ትልቅ ዕድል ነው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም በዚህ ጊዜ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው በሚመጡ ወፎች ይሞላሉ። ወደ ዳሎልና ወደ ኤርታሌ የሚወርድ ሰው ከኅዳር እስከ የካቲት አጋማሽ ያለውን ጊዜ ይምረጥ፤ የአካባቢውንም ጸጥታ አስቀድሞ ይጠይቅ። ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ በእነዚህ ወራት ደስ ያሰኛሉ፤ በግንቦትና በሰኔ ግን የድሬዳዋ ሙቀት ጽኑ ነው። የባሌን ተራሮችና በሳነቴ አምባ ላይ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ለማየት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ የተስማማ ነው።

በጥርና በየካቲት ወደ ቦረና የሚሄድ ሰው ታላቅ ነገር ያያል። ኩሬው ሁሉ ስለሚደርቅ፣ ጎልማሶች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ደረጃ በደረጃ ቆመው እየዘፈኑ ውሃ ሲቀባበሉና ከብት ሲያጠጡ የሚታዩት በዚህ ጊዜ ነው። ዝናም ከጣለ በኋላ ከብቱ በየሜዳው ስለሚጠጣ ያን ማየት አይቻልም።

ከመጋቢት እስከ ግንቦት በደቡብ፣ በኦሞ ሸለቆና በቦረና ዋናው ዝናም ስለሆነ፣ የጥርጊያ መንገድ ይበላሻል፤ መኪና ይይዛል። ቆላው ሁሉ በዚህ ጊዜ ይግላል። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን፣ አዲስ አበባ በጉም ተሸፍና ሳለች፣ ቦረና ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ወደ ኮንሶና ወደ አርባ ምንጭም ዝናሙ ከሚያዝያው ይልቅ ቀለል ይላል። ክረምት ለሽርሽር አይሆንም የሚለው የከተማ ሰው ካርታውን ወደ ደቡብ ቢዘረጋ የሚሄድበት አያጣም። በነሐሴም አጋማሽ በትግራይና በዋግ ልጃገረዶች አሸንዳንና ሻደይን ሲጫወቱ ማየት የሚሻ ሰው ዝናሙን ታግሦ ይጓዛል።

የቱሪስት ሥራ አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አገራችንን ለውጭ ሕዝብ «የ13 ወር ፀጋ» በሚል መፈክር አስተዋውቀዋት ነበር። መፈክሩ በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ቢተካም፣ ብዙ ሰው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ይህን መፈክር ሰምቶ በሐምሌ አዲስ አበባ የገባ እንግዳ «የታለ ፀሐዩ?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ቃሉ በአንድ መንገድ ሲተረጐም እውነት አለው። ከ13ቱ ወራት በአንዱም ቢሆን፣ ከአገራችን ክፍሎች በአንዱ ፀሐይ የማይታይበት ጊዜ የለም። የሚያስፈልገው የት እንደሆነ ማወቅ ብቻ ነው።

ክቡራን አድማጮቻችን፤ ይህ ዕውቀት ለሽርሽር ብቻ የሚያገለግል ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድንባችሁ ነበር። የአንዱን ክፍል ሰማይ ለሌላው ክፍል መለኪያ ማድረግ ከባድ ጥፋት ያስከተለበት ጊዜ አለ። በ1964 ዓ.ም. በወሎ ክረምቱ አነሰ፤ በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በልጉ ቀረ። በልግ ማለት በርእሰ ከተማው ላለ ሰው ከየካቲት ወዲያ አቧራውን የሚያጠፋ ትንሽ ዝናም ነው። ለወሎ የደጋ ገበሬ ግን የዓመቱ ቀለብ ነው። የዚያ ዝናም መቅረት ምን ማለት እንደሆነ በጊዜው ተረድቶ እህል የሚልክ ባለመገኘቱ ብዙ አሥር ሺህ ሕዝብ አለቀ። ከዚያም የተነሣው ቍጣ ለ1966 ዓ.ም. አብዮት ከምክንያቶቹ አንዱ ሆነ።

በቅርቡም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ፣ በቦረናና በሶማሌ በኩል 5 የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ጎደሉ። እጅግ ብዙ ከብት አለቀ፤ ከብቱን ያጣ አርብቶ አደርም ቀዬውን ለቀቀ። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ ክረምት በወሩ ገብቶ በወሩ ይወጣ ነበርና፣ በጎርፍ የተቸገረ የከተማ ሰው «ዘንድሮስ ዝናሙ በዛ» ሲል ይሰማ ነበር። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አንዱ እውነት ግን ሌላውን ሸፈነው። የዓለም ሙቀት እየጨመረ በሚሄድበት በዚህ ዘመን፣ ዝናም የለመደውን ወር ሲያዛባ የመጀመሪያው ተጎጂ የሚሆነው በሁለት አጭር ዝናም የሚኖረው ሕዝብ ነው።

ስለዚህ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ሁሉ፣ የዘር ማከፋፈያ ቀጠሮ ሲወስን፣ የመንገድ ሥራ ሲያስጀምር፣ የትምህርት ቤት መክፈቻ ሲያወጣ ወይም ራሱ ለጉብኝት ሲነሣ፣ የሚሄድበትን አገር ወራት አስቀድሞ ይጠይቅ። መልሱንም ከቢሮው መስኮት ሳይሆን ከዚያው አገር ሰው ይስማ። የቦረናው ሽማግሌ ስለ ጋና፣ የወሎው ገበሬ ስለ በልግ፣ የአፋሩ ግመል ነጂም ስለ ቆላው ሙቀት የሚናገሩት በብዙ ዘመን ተፈትኖ የተገኘ ዕውቀት ነው። የአክሱም ነጋዴዎች ወርቃቸውን ጭነው ክረምትን ቀድመው ከቤታቸው የገቡት የመንገዱን ወራት ስላወቁ ነበርና።

በዚሁ ንግግራችንን እንፈጽማለን። ደኅና ክረሙ።